ውሃ፣ በርበሬና ቢራ፦ ለኩላሊት ኢንፌክሽን በሚሰጠው የአመጋገብና የቤት ውስጥ እንክብካቤ ምክር ላይ የቀረበ ሂስ

«ኩላሊቴን አመመኝ» የሚለው ቃል በኢትዮጵያ የተመላላሽ ሕክምና ክፍሎች ውስጥ አዘውትረው ከሚሰሙት አቤቱታዎች አንዱ ነው። ተናጋሪው እጁን የሚያሳርፈው ግን ብዙውን ጊዜ ከወገቡ ዝቅ ካለው ሥፍራ ላይ ነው። ጆንያ ሲሸከም የዋለ ወዛደር፣ ጎንበስ ብላ ልብስ ስታጥብ የዋለች እናት፣ ከጧት እስከ ማታ መሪ ይዞ የተቀመጠ ሾፌር የወገባቸው ጡንቻ በታመመ ቁጥር ሕመሙን የሚጠሩት በኩላሊት ስም ነው። በአንጻሩ እውነተኛው የኩላሊት ኢንፌክሽን ሲመጣ ይህን ስም አያገኝም። ድንገት የሚያንቀጠቅጥ ብርድና ትኩሳት ሲነሣ፣ ማቅለሽለሽና ትውከት ሲከተል፣ ከጎድን አጥንት በታች በአንድ ጎን የሚጠዘጥዝ ሕመም ሲሰማ፣ ቤተሰቡ «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ይጨምቃል፤ ወይም «ወባ ሳይሆን አይቀርም»፣ «ታይፎይድ ነው» ይላል። ስሙ እንዲህ ከባለቤቱ በመራቁ፣ «ኩላሊት ላመመው ሰው» ተብሎ የሚነገረው ምክር አንድም ኩላሊቱ ጤነኛ ለሆነ ሰው ይደርሳል፤ አንድም በእርግጥ ለታመመው ሰው የማይስማማ ሆኖ ይገኛል።

ምክሩ የሚነገርባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። ጎረቤት ቡና ላይ ይናገረዋል፤ የጋዜጦች የጤና ዓምድ ያትመዋል፤ ሬዲዮ ያሰማዋል፤ ዛሬ ደግሞ በእጅ ስልክ ከቤት ቤት ይዞራል። ይዘቱ ግን ብዙም አይለያይም፦ ውሃ በብዛት ይጠጣ፣ በርበሬና ጨው ይቅር፣ ሥጋ ይቀነስ፣ ወተት አይነካ፣ የገብስ ውሃና ተልባ ይዘውተር፣ ሎሚ ይጨመቅ፣ ቢራ ከተገኘም አይጠላም። እያንዳንዱ ለብቻው ቢታይ ከውስጡ እውነት ያለበት አይጠፋም። ጉዳቱ የሚመነጨው አራት የተለያዩ ነገሮች፣ ማለትም የወገብ ጡንቻ ሕመም፣ የኩላሊት ጠጠር፣ የኩላሊት ኢንፌክሽንና ሥር የሰደደ የኩላሊት መድከም፣ በአንድ ድስት ውስጥ ገብተው በመቀቀላቸው ነው። ለጠጠር የተባለው ለኢንፌክሽን ይሰጣል፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው የተደረገው ክልከላ ደግሞ ለሁሉም ይታደላል።

በቅድሚያ መመርመር የሚገባው የ«ማጠብ» አስተሳሰብ ነው። ኩላሊት ሲደፈን ብዙ ፈሳሽ ተለቆበት ቆሻሻው ተጠርጎ እንደሚወርድ ቱቦ ተደርጎ ይታሰባል። ለዚህም የሕክምናው ቋንቋ ራሱ ድርሻ አለው። ዳያሊሲስ በአማርኛ «የኩላሊት እጥበት» ከተባለ ሰንብቷል፤ የሚጣራው ግን ደሙ እንጂ ኩላሊቱ አይደለም። ይህን ቃል የሰማ ሰው ኩላሊትን በቤትም ማጠብ ይቻላል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። «ቢራ ኩላሊት ያጥባል» የሚለው አባባል ጉልበት ያገኘውም ከዚሁ አስተሳሰብ ነው። ቢራ የጠጣ ሰው ቶሎ ቶሎ መሽናቱ እውነት ነው፤ ይህ የሚሆነው ግን አልኮል ሰውነት ውሃ እንዲቆጥብ የሚያደርገውን ሆርሞን ስለሚገታ ነው። በትኩሳትና በትውከት ውሃ እያጣ ላለ በሽተኛ የሚያስፈልገው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከዚህም በላይ በሽታውን በአብዛኛው የሚያስከትለው ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ከሽንት ፊኛ ተነሥቶ በቱቦው ሽቅብ ይወጣና በኩላሊቱ ሥጋ ውስጥ ይሰፍራል፤ እጅግ በቀጠኑ ክሮችም ከሕዋሳት ጋር ይጣበቃል። በላዩ በሚፈስ ፈሳሽ ብቻ አይነቀልም። የሚያጠፋው ተስማሚ የሆነ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ነው።

ውሃን በተመለከተ የሚሰጠው ምክር ከሌሎቹ ይልቅ ጠንካራ መሠረት አለው፤ መሠረቱ የት እንደሆነ አስተውሎ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። የጣሊያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠጠር የወጣባቸው ሰዎች በቀን 2 ሊትር ያህል ሽንት እስኪሸኑ ድረስ ውሃ እንዲጠጡ ሲመከሩ በ5 ዓመት ውስጥ ጠጠሩ የተመለሰባቸው 12 በመቶ ነበሩ፤ ይህ ምክር ካልተሰጣቸው መካከል ግን 27 በመቶ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የፊኛ ኢንፌክሽን የሚመላለስባቸውንና በቀን ከ1.5 ሊትር በታች የሚጠጡ 140 ሴቶችን ለ12 ወራት ተከታትሏል። በየቀኑ 1.5 ሊትር ውሃ የተጨመረላቸው በአማካይ 1.7 ጊዜ ሲታመሙ፣ እንደ ወትሮው የቀጠሉት 3.2 ጊዜ ታመዋል። ሁለቱም የተከበሩ ጥናቶች ናቸው። ሆኖም የመጀመሪያው ስለ ጠጠር፣ ሁለተኛው የፊኛ ኢንፌክሽንን ስለ መከላከል ነው። ኩላሊቱ በባክቴሪያ ተጠቅቶ በ39 ዲግሪ ትኩሳት የሚንቀጠቀጥ ሰው ውሃ በመጠጣት ይድናል የሚል ቃል በአንዱም ውስጥ የለም።

ለዚህ በሽተኛ የውሃ ተግባር ትሑት ነው። በላብና በትውከት የወጣውን ይተካል፤ ወደ ኩላሊት የሚሄደው የደም ፍሰት እንዳይቀንስም ያግዛል። የልብ ድካም፣ የሰውነት እብጠት ወይም የገፋ የኩላሊት መድከም ለሌለበት ጎልማሳ በቀን ከ2 እስከ 2 ሊትር ተኩል ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ ይህም ሕዝቡ «ሃይላንድ» ብሎ በሚጠራው ባለ 2 ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ በቀላሉ የሚለካ ነው። ሽንቱ ነጣ ያለ ቢጫ ከሆነ መጠኑ ደህና መሆኑን ያሳያል። «በብዛት» የሚለው ቃል ግን ልክ የለውም። ይህን ቃል እንደ ትእዛዝ የተቀበሉና በአንድ ጊዜ ከአቅማቸው በላይ የሚጠጡ፣ በተለይም አረጋውያን፣ የደማቸው ጨው ሊወርድና ግራ ወደ መጋባት ሊደርሱ ይችላሉ። ለሚያስመልሰው ደግሞ በብርጭቆ ሙሉ ከመጋት ይልቅ በየጥቂት ደቂቃው ጥቂት ጥቂት መጎንጨት ይሻላል፤ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በዚህ ጊዜ ከማንኛውም ጭማቂ ይመረጣል።

ከዚህ ላይ ሁለት ነገሮች መነሣት ነበረባቸው፤ በታተሙት ምክሮች ውስጥ ግን እምብዛም አይነሡም። አንደኛው ጾም ነው። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምሱ የሚቆዩ ምእመናን፣ በረመዳንም ቀኑን ሙሉ የሚጾሙ ሰዎች «ውሃ በብዛት ይጠጡ» ሲባሉ ምክሩን የሚሰሙት ለሌላ ጊዜ የተነገረ ያህል ነው። በሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው የሚፈቀድ ማቅለያ እንዳለ የታወቀ ነው፤ የንስሐ አባትም ሆኑ የመስጊዱ ኢማም ስለዚህ ቢጠየቁ መፍትሔ አያጡም። የመድኃኒቱ ሰዓትም እንዲሁ ከጾሙ ጋር አብሮ መታሰብ አለበት፤ በየ12 ሰዓቱ የሚወሰደውን ክኒን ጧት አልፎት ማታ በአንድ ላይ የሚውጥ በሽተኛ ብርቅ አይደለም።

ሁለተኛው መጸዳጃ ቤት ነው። ገበያ ላይ ስትሸጥ የምትውል ሴት፣ በሚኒባስ በር ላይ ቆሞ የሚውል ረዳት፣ መጸዳጃ ቤቱ በር የሌለው ትምህርት ቤት የምትማር ልጃገረድ ውሃ የማይጠጡት ጥቅሙን ባለማወቅ አይደለም። የጠጡትን የሚያስወግዱበት ሥፍራ ስለሌላቸው ነው። «ሽንት አይያዝ» የሚል መስመር በወረቀት ላይ ማተም ቀላል ነው፤ ለእነዚህ ሰዎች ግን ምንም አልተባለም ማለት ይቻላል። ቢያንስ በሕመሙ ቀናት ከሥራና ከትምህርት ቤት እንዲቀሩ የሐኪም ፈቃድ መጻፍ ከዚያ መስመር የበለጠ ይሠራል።

ክልከላዎቹን በተመለከተ ነገሩ የከፋ ነው። በርበሬ የኩላሊት ኢንፌክሽን እንደሚያመጣ ወይም እንደሚያባብስ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ሽንት ሲያቃጥል በርበሬና ቡና ለአንዳንዱ ሰው ምቾት ሊነሡት ይችላሉ፤ የሚሰማው ለጥቂት ቀናት ቢተው አይጎዳም። ነገር ግን ወጡን ሁሉ አልጫ ማድረግ ሕክምና ተደርጎ ሲቆጠር፣ በሽተኛው ያለችውን ጥቂት የምግብ ፍላጎት ያጣል። ሥጋን፣ ባቄላንና ሽሮን መቀነስ፣ ሙዝና ድንች መተው ለገፋ የኩላሊት መድከም የሚሰጥ ምክር ነው፤ እዚያም ቢሆን በደም ምርመራ ተመርኩዞ እንጂ በጅምላ አይታዘዝም። በትኩሳት ላይ ያለ ሰውነት የሚፈልገው ጉልበትና ፕሮቲን ከወትሮው ይበልጣል እንጂ አያንስም። አጥሚት፣ ሾርባ፣ ለስለስ ያለ ፍትፍት፣ እንቁላል፣ የሽሮ ወጥ፣ በሽተኛው የቻለውንና የወደደውን ሁሉ መብላት ይገባዋል። የገብስ ውሃና ተልባም ፈሳሽ እስከሆኑ ድረስ ይጠቅማሉ፤ ከዚያ ያለፈ ምሥጢር ግን የላቸውም። (ማር የተጨመረበት ሎሚ ለስኳር ሕመምተኛ መመከሩ ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍ ስሕተት አይደለም። የስኳር ሕመም የኩላሊት ኢንፌክሽንን ከሚያከብዱት ሁኔታዎች ዋነኛው ነውና።)

ከውጭ ቋንቋ የተተረጎሙት ጽሑፎች ሌላ ችግር ይዘው መጥተዋል። በብዙዎቹ ውስጥ የክራንቤሪ ጭማቂ ሳይጠቀስ አይቀርም። ይህ ፍሬ በኢትዮጵያ አይበቅልም፤ በከተማ ትልልቅ መደብሮች ቢገኝም ዋጋው ለብዙው ሰው የሚቀመስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የታደሰው የኮክሬን ግምገማ የፊኛ ኢንፌክሽን በሚመላለስባቸው ሴቶችና በልጆች ላይ ሕመሙ እንዳይመለስ ሊረዳ እንደሚችል አመልክቷል። ለነፍሰ ጡሮች ግን ጥቅሙ አልታየም። የያዘ ኢንፌክሽንን ማከምማ ከቶ ሌላ ጉዳይ ነው። ለመከላከል የተባለውን ለማዳን አድርጎ መተርጎም የቋንቋ ስሕተት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ አንዲት ሴት በአንድ ጠርሙስ ጭማቂ ተስፋ አድርጋ ሁለት ቀን እንድትቆይ ያደርጋታል።

የወተት ነገር ለብቻው ሊታይ ይገባል። ወተት የሚከለከለው «ጠጠር ይሠራል» ተብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ሌላ የጣሊያን ጥናት ግን ይህን ለጠጠር እንኳ ሳይቀር አፍርሶታል፤ ካልሲየም ከተቀነሰባቸው ወንዶች መካከል በ5 ዓመት ውስጥ 38 በመቶው ጠጠር ሲመለስባቸው፣ ካልሲየሙ ሳይቀነስ ጨውና የእንስሳት ፕሮቲን የተቀነሰላቸው ግን 20 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሌላ በኩል ወተት በእርግጥ የሚጎዳበትን ሰዓት ማንም አይናገርም። ለኩላሊት ኢንፌክሽን በስፋት የሚታዘዘው ሲፕሮፍሎክሳሲን ከወተት ወይም ከእርጎ ጋር ሲወሰድ ካልሲየሙ መድኃኒቱን ስለሚይዘው ወደ ደም የሚገባው መጠን በአንድ ሦስተኛ ያህል ይቀንሳል። ማግኒዥየምና አሉሚኒየም ካለባቸው የጨጓራ መድኃኒቶች ጋር ሲሆን ደግሞ እጅግ አብዝቶ ይወርዳል፤ የብረት ክኒንም እንዲሁ ያደርጋል። የጨጓራ ሕመም በየቤቱ በሆነበት አገር፣ «መድኃኒቱ ጨጓራህን እንዳይልጠው በወተት ዋጠው» የሚለው የእናት ምክር ከርኅራኄ የመነጨ ነው፤ ውጤቱ ግን ሳይበቃ የቀረ መድኃኒትና ከመድኃኒቱ ጋር የተላመደ ባክቴሪያ ነው። ክኒኑ በውሃ እንዲዋጥ፣ የጨጓራውም መድኃኒት ቢያንስ ከ2 ሰዓት በኋላ እንዲወሰድ መናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ስለ በርበሬ በተጻፉት ረጃጅም ገጾች ውስጥ ግን ይህ አንድ መስመር ሲፈለግ አይገኝም።

ከምግቡ ይልቅ አደገኛው በኩሽና ሳይሆን በመሳቢያ ውስጥ ያለው ነው። ከዚህ ቀደም ለሌላ ሕመም ተገዝቶ የተረፈ አሞክሳሲሊን ወይም ኮትሪሞክሳዞል ወጥቶ ሁለት ሦስት ፍሬ ይዋጣል። ኢ. ኮላይ እነዚህን መድኃኒቶች መቋቋም ከጀመረ ዘመን አልፎታል። ጥቂት ፍሬዎች ትኩሳቱን ለጊዜው ያበርዱ እንደሆነ እንጂ ሥሩን አይነኩም፤ በኋላ ለሚደረገውም የሽንት ካልቸር ምርመራ መልስ ያሳጣሉ። ለወገብ ሕመም በየመድኃኒት ቤቱ ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ዳይክሎፌናክ ደግሞ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ስለሚቀንስ፣ ውሃ ባነሰው በሽተኛ ላይ ኩላሊቱን በቀጥታ ሊጎዳ ይችላል። ለትኩሳቱና ለሕመሙ ፓራሲታሞል በቂ ነው። «ለኩላሊት» ተብለው በገበያ የሚሸጡት ቅጠላ ቅጠሎች ምንነታቸው ካልታወቀ ከተፈጥሮ የተገኙ መሆናቸው ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በብራስልስ ለማቅጠኛ የተሰጠ ዕፅ ኩላሊታቸውን ያጠፋባቸው ሴቶች ታሪክ ለሕክምናው ዓለም እንግዳ አይደለም።

ይህ ሁሉ ሲባል ሂሱን በጎረቤትና በጋዜጣ ላይ ብቻ ማሳረፍ ፍትሐዊ አይሆንም። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ከረጅም ወረፋ በኋላ ወደ ምርመራ ክፍል ገቡ እንበል። ወጣቱ ሐኪም የሽንት ውጤታቸውን አይቶ፣ «እማማ፣ ኢንፌክሽን ነው። ይህን መድኃኒት ይውሰዱ፤ ውሃ በደንብ ይጠጡ» ይላቸዋል። «እሺ የኔ ልጅ፣ እግዜር ይስጥህ» ብለው ይወጣሉ። ቤት ሲደርሱ ልጃቸው «ምን አሉሽ?» ብላ ትጠይቃለች፤ «ውሃ ጠጪ አሉኝ» ይላሉ። ምን እንደሚበሉ፣ መድኃኒቱ ስንት ቀን እንደሚወሰድ፣ መቼ እንደሚሻላቸው፣ ባይሻላቸው ምን እንደሚያደርጉ ሐኪሙ አልነገራቸውም። ያንን ባዶ ሥፍራ ጎረቤት ይሞላዋል፤ ባዶ ሆኖ እንዲቆይ መጠበቅም አይቻልም። ሐኪሙ በአንድ ጧት የሚያያቸው በሽተኞች ብዛት የታወቀ ነው፤ ቢሆንም ሁለቱን ቃላት ለመናገር ያገኘው ጊዜ ሌሎች አምስት ዓረፍተ ነገሮችን ለመጨመር ይበቃ ነበር።

ከእነዚያ ዓረፍተ ነገሮች አንዱ ስለ ጊዜ መሆን አለበት። ተስማሚ መድኃኒት የጀመረ በሽተኛ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትኩሳቱ መውረድ ይጀምራል። ይህ ካልሆነ ወይ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተቋቁሟል፣ ወይ መግል ተቋጥሯል፣ ወይም ጠጠር ቱቦውን ዘግቶታል። በተዘጋ ቱቦ ጀርባ ያለ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ደም መመረዝን የሚያስከትል ድንገተኛ አደጋ ነው፤ በዚህ ጊዜ ተጨማሪ ውሃ መጠጣት የሚፈታው ነገር የለም። በቤት ውስጥ ሆኖ ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው የትኩሳቱን ቀን መቁጠር፣ መድኃኒቱ በትውከት አለመውጣቱን ማየትና ሽንት መቀነሱን መከታተል ነው። የሚያስታምም ሰው ዋና ሥራ ይህ ሆኖ ሳለ፣ አሁን ያለው ምክር ሙሉ ጊዜውን ምጣድና ድስት ላይ እንዲያሳልፍ አድርጎታል። ትኩሳቱ በወረደ ማግሥት መድኃኒቱን ማቆምም የተለመደ ነው፤ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ከ7 እስከ 14 ቀን የሚታዘዘው ግን ትኩሳቱ ከጠፋ በኋላም በኩላሊቱ ውስጥ የሚቀር ባክቴሪያ ስላለ ነው።

ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ከዚህ ሁሉ ውጭ ናት። በእርግዝና ወራት የሽንት ቱቦዎች ይሰፋሉ፤ እያደገ የሚሄደው ማሕፀንም ይጫናቸዋል፤ በዚህም የተነሣ ሽንት ይተኛል፣ ባክቴሪያም ወደ ላይ ለመውጣት ይቀለዋል። ያለ ጊዜው የሚመጣ ምጥና ደም መመረዝ ከተለመዱት መዘዞች መካከል ናቸው። ለእርሷ የቤት ውስጥ እንክብካቤ ምክር መስጠት ራሱ ስሕተት ነው፤ ትኩሳትና የጎን ሕመም ካላት በዚያው ዕለት ጤና ተቋም መድረስና አብዛኛውን ጊዜም ተኝታ በደም ሥር መታከም ይገባታል። «የእርግዝና ወገብ ሕመም ነው፣ ገብስ ቀቅይላት» ተብሎ የሚያልፈው ሌሊት ለእናቲቱም ለፅንሱም የሚቈጠር ሌሊት ነው።

የታተመ የምክር ወረቀት ለማዘጋጀት የሚያስብ ጤና ጣቢያ ቢኖር፣ ወረቀቱ ከተከለከሉ ምግቦች ዝርዝር ይልቅ በሽተኛው ተመልሶ የሚመጣበትን ቀን የሚጻፍበት መስመር ቢኖረው ይሻላል። ከመውጣታቸው በፊትም እኒያ እናት «እማማ፣ ትኩሳቱ ባይለቅዎት መቼ ነው የሚመለሱት?» ተብለው ቢጠየቁና «ሐሙስ» ብለው ቢመልሱ፣ ምክሩ መድረሱ በዚያው ይታወቃል።